ቆጣሪው መቼ ይጩህ? በፓወር ሜትር ላይ የማንቂያ ገደብ ስለማስቀመጥ

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅር፣ ከኤሌክትሪክ ፓኔሉ በር በላይ የተሰቀለውን የማስጠንቀቂያ ደወል አፉ ውስጥ የጆንያ ቁራጭ ተጠቅጥቆበት፣ በላዩም ፕላስተር ተለጥፎበት አገኘሁት። የሌሊት ተረኛውን ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቅኳቸው። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «እኔ ነኝ» አሉ ሳይደብቁ። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሲጮህ ውሎ ሲጮህ ያድራል። እውነቱን የሚናገርበትን ሰዓት በምን ልወቅ?»

ደወሉን የሚያዝዘውን መለኪያ ማህደር ከፍቼ ሳየው ደወሉ በዚያች አንድ ሌሊት ብቻ ከመቶ ጊዜ በላይ ተነስቶ ከመቶ ጊዜ በላይ ጠፍቷል። መለኪያው አልተበላሸም ነበር። የለካው ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው። የተሳሳተው መቼ እንደሚጮህ ያዘዘው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ «መቼ» ነው።

ስለየትኛው ቆጣሪ ነው የምናወራው?

በአንድ ፋብሪካ ወይም ሆቴል ግቢ ውስጥ ቆጣሪ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ዕቃዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሂሳብ የሚያሰላበት ነው። የታሸገ ነው፤ ማኅተሙ አይነካም፣ መነካካቱም ያስጠይቃል። እርሱን እንተወው።

ሁለተኛው ባለቤቱ በገንዘቡ ገዝቶ ፓኔሉ በር ላይ የሚያስገጥመው፣ አብዛኛውን ጊዜ 96 በ96 ሚሊሜትር የሆነ መለኪያ ነው። ባለሙያዎች ፓወር ሜትር ይሉታል። የሦስቱን ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡትን ሦስት ሽቦዎች፣ ቮልቴጅና ከረንት፣ የሚበላውን ኪሎዋት፣ ፓወር ፋክተሩን (ከሚሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚያሳየውን ቁጥር) እየለካ በስክሪኑ ያሳያል። (ፌዝ በአማርኛ ሹፈት መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ እነዚህ ሦስቱ ግን የሚቀለድባቸው አይደሉም።) ደህና ዓይነቱ ከማሳየትም ያልፋል። የሆነውን የሚመዘግብበት ማህደር፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ደወል ወይም ኮንታክተር (ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋ ትልቅ ማብሪያ) የሚያዝበት ትንሽ ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ አለው። ሦስቱም ጠቃሚ ሥራ የሚጀምሩት ገደብ ሲሰጣቸው ነው። ያለዚያ ውድ የሆነ የግድግዳ ሰዓት ማለት ነው፤ የሚያየው ሲኖር ብቻ ይናገራል።

ከኮካ አጠገብ ሆነን ቮልቴጃችን ለምን ይዋዥቃል?

በአዳማ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኮካ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያመነጫል፤ አቅሙ 43 ሜጋዋት ገደማ ነው። ከእርሱ ወረድ ብሎ በዚያው በአዋሽ ወንዝ ላይ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ይዘው ተቀምጠዋል። ከከተማዋ ዳር ካሉት ኮረብታዎች ላይ ደግሞ የአዳማ 1 የነፋስ ኃይል ጣቢያ 34 ተርባይኖች (51 ሜጋዋት) እና የአዳማ 2 ጣቢያ 102 ተርባይኖች (153 ሜጋዋት) ይሽከረከራሉ። ታዲያ ምን ጎደለን?

ያ ሁሉ ኃይል ከተርባይኑ ተነስቶ ወደ ወፍጮዎ አይመጣም። ወደ ብሔራዊው የከፍተኛ ቮልቴጅ መረብ ይገባል፤ ከማከፋፈያ ጣቢያ በ15 ወይም በ33 ኪሎቮልት ይወጣል፤ በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ወደ 380 ቮልት ይወርዳል። ፓኔልዎ ላይ የሚታየውን ቁጥር በብዛት የሚወስነው ከዚያ ትራንስፎርመር እስከ እርስዎ ያለው የመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ነው፦ የሽቦው ውፍረት፣ የመጋጠሚያዎቹ ጥብቀት፣ ከአንድ ፌዝ ላይ የተንጠለጠለው ቤት ብዛት፣ ከጎን ያለው የብየዳ ቤት። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰውም ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ባልዲው ቶሎ አይሞላም። ስለዚህ ሁኔታዎን የሚያውቀው ከእርስዎ በር ላይ የተገጠመው መለኪያ እንጂ የአገሪቱ የማመንጨት አቅም አይደለም።

ገደብ ማስቀመጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ለአዲስ የጥበቃ ሠራተኛ «በሩን ጠብቅ» ብሎ መሄድ አይበቃም። የትኛውን በር? በር ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራ መንገደኛ ስንት ደቂቃ ሲቆይ ይጠየቅ? ሰውየው ዞር ካለ በኋላ መቼ ነው ነገሩ አለቀ የሚባለው? ለማንስ ይደወል? ለመለኪያውም የሚነገረው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚጠበቀው መጠን ይመረጣል፤ ቮልቴጅ እንበል። ቀጥሎ የመነሻ ገደቡ ይጻፋል፤ ባለሙያዎች ፒክአፕ የሚሉት ነው። ከዚያ የመነሻ ትዕግሥቱ፦ ቁጥሩ ገደቡን ካለፈ በኋላ መለኪያው ስንት ሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቅ? ከዚያ የመመለሻ ገደቡ፣ ድሮፕአውት የሚባለው፦ ቁጥሩ የት ሲደርስ ነው ችግሩ አበቃ የሚባለው? ለእርሱም የራሱ ትዕግሥት አለው። በመጨረሻ እርምጃው ይመረጣል፤ ይመዝገብ፣ ደወል ይደወል፣ ሪሌይ ይዘጋ። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሴትፖይንት ይባላል። ገደቡ ታልፎ ትዕግሥቱ ሲያልቅ በማህደሩ የሚጻፈው ደግሞ ክስተት ነው።

በአንድ ምሳሌ እንየው። የፌዝ ለፌዝ ቮልቴጅ ዝቅታ፤ መነሻ 342 ቮልት፣ ትዕግሥት 5 ሰከንድ፤ መመለሻ 353 ቮልት፣ ትዕግሥት 30 ሰከንድ፤ እርምጃው መዝገብና ደወል። በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነው፦ «ቮልቴጁ ከ342 በታች ወርዶ ሳያቋርጥ 5 ሰከንድ ከቆየ ጩህ። ከ353 በላይ ወጥቶ 30 ሰከንድ እስኪረጋ ድረስ ነገሩ አልቋል እንዳትል።»

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ 342 ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ግን ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

342 ከየት መጣ?

በአገራችን ዝቅተኛ ቮልቴጅ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት ነው። የተለመደው መቻቻል አሥር በመቶ ወደ ታች፣ አሥር በመቶ ወደ ላይ ነው። የ380 አሥር በመቶ 38 ነው፤ ሲቀነስ 342፣ ሲደመር 418። ለ220ው ደግሞ 198 እና 242 ይሆናል።

እዚህ ላይ የማየው የተለመደ ስህተት ሁለቱን ጥንድ ማደባለቅ ነው። ምናሌው የፌዝ ለፌዝ ቮልቴጅ እየጠየቀ 198 ብሎ የሚሞላ አለ። ያ ደወል ቮልቴጁ ወደ ግማሽ ካልተጠጋ በቀር አይጮህም። ባለቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ «ቮልቴጃችን ደህና ነው» እያለ ይኖራል።

ይህ የተለመደ አሥር በመቶ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። መለኪያው እንደተገጠመ ሁሉንም ደወል አጥፍቶ አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ እንዲመዘግብ መተው ይሻላል። መለኪያዎች ያዩትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ያስቀምጣሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚጥድበት ጊዜ፣ ቮልቴጅዎ በየቀኑ 345 ድረስ የሚወርድ ከሆነ የእርስዎ «ጤነኛ» ያ ነው። 350 ላይ የተቀመጠ ደወል በየምሽቱ የሚነግርዎት ከተማው እራት እያበሰለ መሆኑን ብቻ ነው።

ችግሩን እያየ ለምን ይታገሣል?

ምክንያቱ የሞተር አነሳስ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ 70 አምፔር የሚወስድ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች ስድስት እጥፍ፣ ወደ 420 አምፔር ሊስብ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ከባድ ነገር ከመሬት ሲነሳ የሚፈልገው ኃይል ነው። ከመጠን ላለፈ ከረንት የተቀመጠው ገደብ ትዕግሥቱ ዜሮ ከሆነ ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል። ሞተሩ ለመነሳት 8 ሰከንድ ከፈጀ ትዕግሥቱ 12 ወይም 15 ይሁን። ሰዓት ይዞ ቆሞ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ይህን ከየትም መገመት አይቻልም።

ትዕግሥት ሲበዛ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አንድ ደቂቃ እንዲታገሥ የታዘዘ መለኪያ በ40 ሰከንድ ውስጥ የተቃጠለ ነገር ቢኖር ቃል አይተነፍስም።

ትዕግሥቱ ዜሮ ቢሆንም እንኳ ተራ መለኪያ የማያያቸው ነገሮች አሉ። መረባችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቮልቴጁ ለአምስት ዑደት፣ ማለትም ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ ወደ ግማሽ ወርዶ ቢመለስ መብራቱ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ሞተሮቹን የያዙት ኮንታክተሮች ግን ሊለቁ ይችላሉ። በዓለም አቀፉ የኮንታክተር ደረጃ መሠረት አንድ ኮንታክተር ቮልቴጁ ከተመደበለት 75 በመቶ እስከ 20 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሲወርድ ይለቃል፤ የትኛው የት ላይ እንደሚለቅ እንደ ሥሪቱ ነው። ፋብሪካው ቀጥ ይላል፤ በሰከንድ አንዴ የሚያይ መለኪያ ደግሞ «ምንም አላየሁም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሲያይ አልፎ ነበር።

እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝቅታ የሚያጠቃው ድርጅት በየግማሽ ዑደቱ፣ ማለትም በየ10 ሚሊሰከንዱ፣ የሚለካ የተሻለ መለኪያ ያስፈልገዋል። ለዚህ ዓይነቱ ክትትል የተለመደው ገደብ 90 በመቶ ሆኖ ትዕግሥቱ ዜሮ ነው፤ እርምጃው ግን ደወል ሳይሆን የሞገዱን ቅርጽ መቅረጽ ነው። ያለፈን ነገር ሰው ሮጦ አይደርስበትም፤ ማስረጃው ግን ይቀመጣል።

መመለሻው ከመነሻው ለምን ይለያል?

ወደ ጆንያው ታሪክ እንመለስ። በዚያ ፋብሪካ መነሻውም 342፣ መመለሻውም 342፣ ሁለቱም ትዕግሥቶች ዜሮ ነበሩ። ቮልቴጁ ሌሊቱን በ340 እና በ344 መካከል ሲንሳፈፍ ያድራል። 341 ሲሆን ደወሉ ይነሳል፤ 343 ሲሆን ዝም ይላል፤ እንደገና 341፣ እንደገና ጩኸት። አንድ ችግር ከመቶ በላይ ክስተት ሆኖ ተመዘገበ። ማህደሩም ቦታው ሲሞላ አሮጌውን እየሰረዘ በአዲሱ ይተካ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ባለው ቀን የተቋረጠው ኃይል መዝገብ ተጠርጎ ጠፍቷል። እኔን ያስቆጨኝ ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ነው።

ጣራ ላይ ያለውን የውኃ ሮቶ ያስቡ። ፓምፑ ውኃው ከግማሽ ሲወርድ ተነስቶ ሮቶው ሲሞላ ይቆማል። መነሻውም መቆሚያውም እዚያው ግማሹ ላይ ቢሆን፣ አንድ ሰው እጁን በታጠበ ቁጥር ፓምፑ ተነስቶ ወዲያው ይቆም ነበር፤ ሞተሩም ሳምንት አይቆይም። በመነሻና በመመለሻ መካከል ያለው ክፍተት ይህን መንቀጥቀጥ ነው የሚያስቀረው።

ክፍተቱ ስንት ይሁን? ለቮልቴጅ ከሁለት እስከ ሦስት በመቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከ342 እስከ 353 ያለው 11 ቮልት ከዚያ የመጣ ነው። ከመጠን በላይ ማስፋትም አይገባም። የምሽት ቮልቴጅዎ ከ350 የማያልፍ ከሆነና መመለሻው 370 ላይ ከተቀመጠ፣ አንዴ የተነሳ ደወል እስከ ንጋት አያርፍም። መመለሻው አዘውትሮ የሚደረስበት ቁጥር መሆን አለበት።

በዚያ ፋብሪካ መነሻውን ወደ 335 ዝቅ አድርገን 10 ሰከንድ ሰጠነው፤ መመለሻውን 342 አድርገን 30 ሰከንድ ሰጠነው። ሞተሮቹ 335 ላይ መሥራት ይችላሉ፤ 325 ላይ ሲሆን ግን ሰው እንዲነቃ እንፈልጋለን። በማግሥቱ ሌሊት ደወሉ አንድ ጊዜም አልጮኸም። ተረኛው ደግሞ «ሞቷል እንዴ?» ብለው ተጠራጠሩ፤ እርሱም ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ፌዝ ሲጠፋ ቮልቴጁ ለምን ደህና ይመስላል?

አንድ የትራንስፎርመር ፊውዝ ቢቃጠል ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ይጠፋል። የቮልቴጅ ዝቅታ ደወል ይህን ወዲያው የሚይዝ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሮቹ በዚያ ቅጽበት እየዞሩ ከሆነ፣ በሁለቱ ፌዝ እየተገፉ ለሦስተኛው እነርሱ ራሳቸው ቮልቴጅ ያመነጩለታል። የጠፋው ፌዝ ላይ ከጤነኛው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ሊነበብ ይችላል፤ የ10 በመቶው ገደብ ሳይነካ ሞተሩ ግን በውስጡ እየተጠበሰ ነው።

ስለዚህ ከቮልቴጁ መጠን ሌላ የመበላለጡን ገደብ ማስቀመጥ ግድ ነው። አሰላሉ ቀላል ነው። ሦስቱ የፌዝ ለፌዝ ንባቦች 384፣ 372 እና 366 ናቸው እንበል። አማካያቸው 374 ነው። ከአማካዩ በጣም የራቀው 384 ሲሆን ልዩነቱ 10 ነው። 10 ለ374 ሲካፈል 2.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሦስቱም ንባቦች ለየብቻቸው ሲታዩ ከ342 እጅግ የራቁና ጤነኛ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሞተር የሚያሞቁ ናቸው።

2.7 በመቶ ትንሽ መስሎ ያታልላል። በሞተር ውስጥ የከረንቱ መበላለጥ ከቮልቴጁ መበላለጥ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 እጥፍ ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ደረጃ መሠረት የቮልቴጅ መበላለጡ ከ1 በመቶ ሲያልፍ የሞተሩን ጭነት መቀነስ ያስፈልጋል፤ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ሞተሩን ማሠራት አይመከርም። እኔ ለማስጠንቀቂያ 2.5 በመቶ ከ30 ሰከንድ ጋር፣ ለከባዱ ደወል 4 በመቶ ከ3 ሰከንድ ጋር አስቀምጣለሁ። ከዚህ ጋር የከረንት መበላለጥ ገደብ ቢጨመር የጠፋውን ፌዝ ይበልጥ ያጋልጣል። ጭነት በሌለበት ሰዓት ግን ይህ የከረንት ገደብ በከንቱ ሊጮህ ይችላል፤ ሁለት አምፖል በአንዱ ፌዝ ላይ ብቻ ሲበራ መበላለጡ በመቶኛ ሰማይ ይነካል።

የፌዝ ቅደም ተከተልም ገደብ አለው። መስመር ተጠግኖ ሲመለስ ሁለት ፌዝ ከተቀያየረ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃው ግን አይመጣም።

ገደቡ ትክክል ሆኖ ንባቡ ስህተት ቢሆንስ?

መለኪያው ትልቁን ከረንት በቀጥታ አያየውም። በሽቦው ዙሪያ የሚጠልቅ ቀለበት፣ ከረንት ትራንስፎርመር ወይም በአጭሩ ሲቲ፣ አሳንሶ ይሰጠዋል። 400 ለ5 የሚል የተጻፈበት ሲቲ 400 አምፔር ሲያልፍበት 5 አምፔር ይሰጣል። መለኪያው ስንት ማብዛት እንዳለበት የሚያውቀው እርስዎ ሲነግሩት ነው። በስህተት 200 ለ5 ቢባል ንባቡ ሁሉ በግማሽ ይቀንሳል። 320 አምፔር ላይ የተቀመጠው ደወል የሚጮኸው እውነተኛው ከረንት 640 ሲደርስ ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ነገር ይጨስ ይሆናል።

ስለዚህ ከማንኛውም ገደብ በፊት የሲቲው ቁጥር በዓይን ታይቶ ከምናሌው ጋር ይመሳከር፤ ንባቡም በመቆንጠጫ አምፔር መለኪያ ይረጋገጥ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከረንት እየሄደ ሳለ የሲቲውን ሁለተኛ ወገን ሽቦ መንቀል ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ያመጣል። ተርሚናሉ በመጀመሪያ እርስ በርሱ ይታሰራል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ገንዘብ የሚያድነው የትኛው ገደብ ነው?

የዲማንድ ክፍያ ለሚከፍል ድርጅት መልሱ የዲማንድ ገደብ ነው። ዲማንድ በአንድ ቅጽበት የተሳበ ኃይል አይደለም፤ በተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ በ15 ደቂቃ፣ የተሳበው አማካይ ነው። በወሩ ውስጥ ከፍተኛው የ15 ደቂቃ አማካይ የወሩን ክፍያ ይወስናል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ማሽን አንድ ላይ ቢነሳ ያቺ ሩብ ሰዓት ወሩን ሙሉ ትከተልዎታለች።

ከ250 ኪሎዋት ላለማለፍ ወስነዋል እንበል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች አማካዩ 330 ከሆነ፣ በቀሩት 10 ደቂቃዎች ከ210 በላይ መሳብ አይችሉም። ስለዚህ ደወሉ 250 ላይ መቀመጡ ትርጉም የለውም፤ ሲጮህ ሂሳቡ ተቆርጧል። 225 ላይ ወይም፣ መለኪያው የሚችል ከሆነ፣ በሚተነበየው ዲማንድ ላይ ይቀመጥ። እርምጃውም ሰው የሚያውቀው ይሁን፦ «ሁለተኛውን ማጠቢያ ለአሥር ደቂቃ አቁም» የሚል ወረቀት ከደወሉ አጠገብ ቢለጠፍ ከደወሉ እኩል ይሠራል።

ፍሪኩዌንሲን በአጭሩ፦ ከመረቡ በሚመጣው 50 ኸርዝ ላይ እርስዎ የሚያደርጉት ነገር የለም። ጄኔሬተር ላላቸው ሆቴሎች ግን 48 ላይ የዝቅታ ገደብ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ የነዳጅ ማጣሪያው እየተደፈነ ሲሄድ በጭነት ጊዜ ፍጥነቱ መውረዱን ያሳብቃል።

መለኪያው ራሱ ማሽኑን ያቁም?

በሪሌዩ በኩል ይችላል። ነገር ግን ፓወር ሜትር የመከላከያ ሪሌይ አይደለም። ሞተሩን የሚጠብቀው የራሱ የኦቨርሎድ (ከመጠን ያለፈ ጭነት) እና የፌዝ መጥፋት መቆጣጠሪያ ነው፤ መስመሩን የሚጠብቀው ብሬከሩ ነው። መለኪያው የሚያየው፣ የሚናገረውና አስቸኳይ ያልሆነውን ጭነት የሚቀንሰው ነው። የዘበኛን ሥራ ለዘበኛ መተው ነው።

ሪሌዩ ማሽን የሚያዝ ከሆነ አንድ ምርጫ በጥንቃቄ ይታይ። በአንዱ አሠራር ችግሩ ሲያልፍ ሪሌዩ በራሱ ይመለሳል። በሌላው፣ ላች በሚባለው፣ ሰው መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ እንደተያዘ ይቆያል። ለደወልና ለመብራት የመጀመሪያው ይስማማል። ሰው እጁን ሊያስገባበት ለሚችል ማሽን ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ቮልቴጁ ተስተካከለ ተብሎ ወፍጮ በራሱ መነሳት የለበትም።

ማህደሩ 13:42 ሲል መዝገቡ ለምን 7:42 ይላል?

ሁለቱም ልክ ናቸው። መለኪያው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ የተረኛው መዝገብ ከንጋት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ መለኪያው ማርች 14 ያለውን ተረኛው መጋቢት 5 ብለው ጽፈውታል። «በዚያ ሰዓት ምንም አልተመዘገበም» ተብሎ ክርክር ተነስቶ፣ በኋላ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ሰዓት ሲፈልጉ እንደነበር ሲታወቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከመለኪያው ጎን ሁለቱን አቆጣጠር ያጣመረ ካርድ መለጠፍ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። የሰዓት ቀጣናው ላይ ከግሪንዊች ሰዓት በሦስት ሰዓት ፊት መሆናችንም ይሞላ፤ ከፋብሪካው እንደመጣ የተተወ መለኪያ የባሕር ማዶ ሰዓት ሲመዘግብ ይኖራል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር፣ መብራት ሲሄድ መለኪያውም አብሮ መተኛቱ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከሚለካው መስመር ከሆነ የመቋረጡን ቅጽበት ሳያይ ይጠፋና ሲመለስ ይነቃል። መቋረጥን መመዝገብ ዋና ዓላማዎ ከሆነ መለኪያው ከዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል ከሚሰጠው ዕቃ፣ ይመገብ።

እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

ሞተር አቃጥሎ መሞከር አያስፈልግም። ቮልቴጁ አሁን 378 ቢያነብ፣ የዝቅታውን መነሻ ለጊዜው 390፣ መመለሻውን 400 ያድርጉት። ትዕግሥቱን በሰዓት እየቆጠሩ ይጠብቁ። ደወሉ ከጮኸ፣ ማህደሩ ላይ ከነሰዓቱ ከተጻፈ፣ መጀመሪያ የነበሩትን ቁጥሮች ሲመልሱለት ደግሞ ከትዕግሥቱ በኋላ ዝም ካለ፣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነው። ሪሌዩ ማሽን የሚያቆም ከሆነ ይህን የሚያደርጉት ማሽኑ ሥራ ፈቶ በቆመበት ሰዓት ነው። ከዚያ ፓስወርዱን ከፋብሪካው ከመጣበት ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ይቀይሩ፤ ቁጥሮቹን ሁሉ ከነቀኑ በወረቀት ጽፈው ከፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ።

ያንን ወረቀት የምለጥፈው እኔ ራሴ አንዴ ፈተናውን ጨርሼ 390ን ሳልመልስ ወደ ቤቴ ስለሄድኩ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ጠራ። እኚያው ተረኛ ነበሩ። «ልጄ፣» አሉ፣ ከኋላቸው ደወሉ እየጮኸ፣ «ጆንያውን ልመልሰው ወይስ ትመጣለህ?»